ፀሐይ በምዕራብ የምትወጣበት አገር

ዛሬ ጠዋት ኮረሪማ ሰሌን ላይ አስጥቼ፣ የጎረቤት ፎቅ ፀሐዩን በከለለብኝ ቁጥር ሰሌኑን እየጎተትኩ ግቢውን ስዞር፣ የልጄ ልጅ ሂክማ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ኮሌጅ ውስጥ መጽሐፍ እያነበቡ የሚጨቃጨቁ ጓደኞች አሏት፤ አሁን መምረጥ የሷ ተራ ሆኖ እህል አልበላ ብሏታል።

«አኮ፣ ይስሙኝማ» አለችኝ። ሴት አያትን አኮ ነው የምትለው፣ እንደ አገራችን። «ሃይ ፋንታሲ ማለት ዓለሙ ራሱ ሌላ ሲሆን ነው። የራሱ ሰማይ፣ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሕግ ያለው። ጅማ የሚባል ነገር የለበትም። ጂን እዚህ መንደራ ቆጪ ሰፈራችን መጥቶ ባጃጅ ቢሳፈር ግን እሱ ሃይ አይባልም። እነሱ ደሞ ዘንዶ ካለበት ሁሉም ሃይ ነው ይላሉ፣ ማሎ!»

እጄ ሰሌኑ ላይ ቀረ። ይቺ ልጅ ዛሬ የምትከራከርበትን ነገር እኔ ፊደል ሳልቆጥር አውቀዋለሁ፤ ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ፊደል ሳልቆጥር የቀረሁት በሱ ምክንያት ነው። ስልክሽን አስቀምጪና ወረቀት አምጪ አልኳት። የምልሽን እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ያደግኩት አጋሮ ነው፣ አባቴም እናቴም ከሞቱ በኋላ በአባቴ እህት ቤት። የአባት እህት በኛ አዳዳ ትባላለች፤ አዳዳ ሩቅያ። ስሙ አፍ ላይ ሲጣፍጥ! እሷ ግን አትጣፍጥም። ረጅም ሴት ነበረች፣ ስትራመድ መሬቱ የሷ እንደሆነ ተረከዟን ቀድማ የምታሳርፍ፣ ሽቶዋ ከሷ በፊት ደጃፍ የሚደርስ። ባሏ ቡና ነጋዴ ስለነበር ከቤቱ ጀርባ ያለው ሰፊ ግቢ ለቀማ ሲደርስ ከዳር እዳር ሰሌን ይነጠፍበትና ቀይ ቡና ይሰጣበታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ ማር ላይ የበሰበሰ ማንጎ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ዝንቡ ሁሉ ሰክሮ የትም የሚወድቅበት። እኔና የለቃሚዎቹ ሴት ልጆች በእጃችንም በእግራችንም ስናገላብጥ እንውላለን። ቡና ካልተገላበጠ ይሻግታል፤ የሻገተው ቡናው ነው፣ የምመታው ግን እኔ።

በስተምሥራቅ ያለው ኮረብታ ደሞ ፀሐዩን ይይዝብናል። ማዶ ያሉት ሰዎች ቡናቸው ሞቆ እያለ እኛ ጋ ገና ጤዛ ነው፣ ጣታችን ደንዝዞ እንጥፍጣፊ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ እንፈራገጣለን። እንግዲህ እዚያ ላይ ነው የተረት አገሬን የሠራሁት። ተረት በቀን የሚያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይባል ነበር፤ እኛ አንድም ዶሮ ስለሌለን ምን ፈርተን፣ በጠራራ ፀሐይ አወራለሁ። በዚያ አገር ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው፣ ኮረብታው እንዳይከልላት። ንጉሡ ጉሬዛ ነው፣ ነጭ ካባው ከዛፍ ዛፍ የሚጎተት። ሰው ቡና አይለቅምም፣ ቡናው ነው ሰውን የሚለቅመው፤ ልቡ የቀላውን ይቀጥፋል፣ ጥሬውን ለከርሞ ይተወዋል። ልጆቹ እጃቸው እየሠራ አፋቸው ይከፈታል፣ ቡናውም ሳይታወቀን ይገላበጣል።

ከሰዓት በኋላ ደሞ ቁርአን ቤት እሄድ ነበር። የአዳዳ ባል፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሟች ልጅ ትቅራ ብሎ አዝዞ ነው። ሎህ የምንለው የእንጨት ሰሌዳ ነበረኝ፣ ጥቀርሻ በጥብጠን በሠራነው ቀለም የምንጽፍበት። አሊፍ የሚባለውን ፊደል ባ ከሚባለው ጋር ማጋጠም ጀምሬ ነበር። ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ድንገት ቃል ሲሆኑ የሚሰማኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር የሚቀሙኝ ይመስለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም። ያቺ ሰዓት ከቡናው ላይ የተቆረሰች ስለሆነች አዳዳን ታንገበግባት ነበር።

አንድ ቀን ከጆንያው ክምር ኋላ ቆማ ሰማችኝ። ፀሐይ በምዕራብ! የሙስሊም ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ ፀሐይ በምዕራብ ከወጣች ቂያማ ነው፣ የዓለም መጨረሻ፣ የንስሐ በር የሚዘጋበት። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን የኛን ፀሐይ አልነካሁም! በጆሮዬ እየጎተተች የቁርአን ቤቱ ሼኽ ፊት አቆመችኝ። ሼኹ የሚያስላቸው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተው አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«ይቺ ፀሐይ የኛዋ ናት ወይስ የዚያ አገር?»

አየሽ ሂክማ፣ አንቺ ኮሌጅ ገብተሽ የተጣላሽበትን ሼኹ እንዲያው እያሳሉ ጠየቁት። የኛዋ ከሆነች ኃጢአት ነው፤ የዚያ አገር ከሆነች ተረት ነው። እኔ አፌን ከፈትኩ። አዳዳ ግን ቀደመችኝ።

«ወላሂ የኛዋ ናት ያለችው! ነገ አጋሮ ላይ በምዕራብ ትወጣለች ብላ የሰው ልጆች አስለቅሳለች!»

አጋሮ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያለቀሰም ልጅ የለም። ግን ትልቅ ሴት በአላህ ስም ስትምል የወላጅ አልባ ልጅ ቃል ምን ይመዝናል? ሼኹ እያዘኑ ሎሄን ተቀበሉኝና የጻፍኩትን በውሃ አጠቡት፤ ጥቁሩ ውሃ በክርናቸው ሲወርድ አይቻለሁ። ተውበት አድርጋ፣ ንስሐ ገብታ፣ አክስቷ ትመልሳት አሉ። አክስቷ አልመለሰቻትም።

አላለቀስኩም። የሚቀጥለው ለቀማ እስኪደርስ ጠበቅኩ፤ ሲደርስ አገሬ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አስገባሁ። ሴትዮዋ በሐሰት ስትምል ምላሷ ላይ የቡና ችግኝ ይበቅልባታል። በዋሸች ቁጥር አንድ ቅጠል ይጨምራል፣ ቅጠሉ በከንፈሯ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ አፏን መግጠም ያቅታታል፣ ፍየል ያያት ሁሉ ይከተላታል። ስም አልሰጠኋትም። የአዳዳን ቁመት፣ ተረከዟን፣ ከሷ ቀድሞ የሚገባውን ሽቶ ሰጠኋት፣ በቃ። ልጆቹ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

ለቀማው አልቆ ለቃሚዎቹ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጌራ፣ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ተረቱም አብሮ ሄደ። ለከርሞ ሲመለሱ፣ እኔ ከሲታ አድርጌ የላክሁት ተረት ወፍሮ መጣልኝ። አንድ የገበያ ቀን እኔ ዘንቢል ተሸክሜ ከኋላዋ ስከተል፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከወንበሯ ሳትነሳ «ሩቅያ፣ ዘንድሮ ቅጠሉ እንዴት ይዞልሻል?» አለቻት፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻሿ አፏን ሸፍና ነው የኖረችው። ስታወራ የልጆቹ ዓይን ከንፈሯ ላይ ነው። እኔ ቡናዬን እያገላበጥኩ አያታለሁ። ጣፈጠኝ። ወላሂ፣ ከጌራ ማር ይበልጥ ጣፈጠኝ።

ተድሬ ጅማ ከገባሁ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ አዳዳ ታመመች ተብሎ ተላከብኝ። ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉንም አስወጣችና ሻሿን ከአፏ አነሳች። ያለ ሻሽ ካየኋት ስንት ዘመኔ። «ያቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላለችም እኮ! መጨረሻውን ነው የጠየቀችኝ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረ። «መጨረሻ የለውም፣ አዳዳ» አልኳትና ብርድ ልብሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

ሂክማ እዚህ ጋ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኳት። አልጸጸትም።

ያ ግቢ ዛሬ ጋራዥ ነው፣ ኮረብታውም ለመንገድ ተቆርጦ ፀሐዩ ገና በማለዳ ይደርሳል አሉ፣ ማን ሊሞቀው። አብረውኝ ካገላበጡት ልጆች በሕይወት ያለች እንዳለች አላውቅም። እኔ በሱቆቹ ጽሑፍ ፊት ሳልፍ እንደ ግድግዳ ነው የማልፋቸው፤ ሂክማ የመጽሐፍ ሽፋን ስታሳየኝ ሥዕሉን ብቻ ነው የማየው። ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን አገሬ ነው። የጉሬዛው ንጉሥ ስም ነበረው፣ ጠፋኝ። ወንዞቹ ወዴት ይፈሱ እንደነበር ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን ሴትዮዋን ብቻ ሳበላ ሌላው ሁሉ በረሃብ አልቋል። ይሄንንም የሩቅያ ጥፋት ነው ብለሽ ጻፊ።

ለሂክማ ጓደኞች መጽሐፉንማ መረጥንላቸው። እያንዳንዱን ስታነብልኝ ፀሐዩ የማን ነው እያልኩ ጠየቅኋት፤ አንዱ ብቻ የራሱ ፀሐይ ነበረው፣ እሱን ይዛ በረረች።

ጎረቤቴ አደ ጫልቱ አጥሩ ማዶ ልብስ ስታሰጣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ትውልዷ ጌራ ነው፣ ከኔ በብዙ ታንሳለች። አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ ዓይኗ ፈጦ «ያቺ ባለ ቅጠል ሴትዮ የርስዎ ናት እንዴ?» አለችኝ። የኔ ናት አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ታዲያ መጨረሻ የለውም ምን ማለት ነው፣ አደ ዘሀራ? ሴትዮዋማ ድናለች እኮ! እናቴ ስትነግረን፣ ቡና የምታገላብጠው ልጅ ራሷ መጥታ፣ ቁጭ ብላ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ትለቅምላታለች። እንደሱ ካልሆነማ ልጅ እንዴት ይተኛል?»