የማዘጋጃ ቤቱ ጠብታ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ አራት ነበርን። ጥበቃው ከበሩ ርቆ ግቢው ጥግ ድንጋዩ ላይ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበት፤ በሰፈሩ ለተማሪዎች ቁርአን የሚያስቀሩት ሸህ ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው፤ እኔ መፍቻ ይዤ ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ።

መካነ ሰላም ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቧንቧ ሥራ ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌውን እየፈታሁ መልሼ በመግጠም ለመድኩት፤ ማዘጋጃ ቤቱም ቀጠረኝ። የማወራው ሰው ግን አልነበረኝም። ሸሁ ብቻ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እየመጡ ማንቆርቆሪያቸውን ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ያስቀምጡና እስኪሞላ አጠገቤ ይቀመጣሉ። በዚያች ውኃ፣ ወደ ማታ ለሚሰገደው የዐስር ሶላት እጅ እግራቸውን ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ።

"ዛሬስ ምን በላህ?"

"ሽሮ።"

"ትናንትም ሽሮ አልነበር? አግባ እንጂ፣ አንተ ልጅ።"

ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምነጋገረው ይህችኑ ነበር።

ለከተማው ውኃ የሚለቀቀው በአራት ቀን አንዴ ስለነበር፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያፈስ ቧንቧ ሁሉ ይጠገን ተባለ። ከግቢው ታንከር የሚወርደውን የእኛን ጠብታ በጣሳ ለካሁት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ባልዲ ይሞላል። ያን ቀን ውኃውን የሚያግደውን ያለቀ ጎሚኒ አውጥቼ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ተካሁለት። ጠብታው ቆመ።

"ከእንግዲህ መጠበቅ የለም፣ ሸህዬ። ልክፈትልዎት፣ ባንዴ ይሞላል" አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

"ተወው፣ የኔ ልጅ። እጅህ ይባረክ።"

ባዶውን ማንቆርቆሪያ አነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ መፍቻዬን እያስቀመጥኩ ስለነበር አልሰማኋቸውም።

ጥበቃው ሳቀብኝ። "አንድ ቀን እንኳ ቧንቧውን ከፍተው አያውቁም። የሕዝብ ሐቅ ነው ይላሉ። የሚወስዱት መሬት የሚጠጣውን ነው። አልጠየቅካቸውም?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"እኔንስ ብትጠይቀኝ?" አለች ጽዳት ሠራተኛዋ። "ጣሳ ይዘህ ስትዞር ዋልክ፤ አፍ ግን አልፈጠረልህም።"

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን ቀሩ። እንደገና እንዲያንጠባጥብ ቧንቧውን ላላላው ብዬ ሁለት ጊዜ መፍቻ አነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩ። አውቄ ያፈሰስኩትን ውኃ እሳቸው አይነኩትም።

በአራተኛው ቀን ከራሴ ጀሪካን፣ ፊቴን በአንድ ስኒ እየታጠብኩ የቆጠብኩትን ይዤላቸው ሄድኩ። የሚያስቀሯቸው ደረሶች በራቸው ላይ አገኙኝ።

"በበቅሎ ወደ ከላላ ሄደዋል፤ ልጃቸው ዘንድ።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"አላህ ያውቃል።"

ውኃውን ይዤ ተመለስኩ። ሽሮ ሠራሁበት።

ሸሁ እስካሁን አልተመለሱም። ያን ቀን በሩ ላይ የተናገሩትን ጥበቃው "አብሽር፣ አይዞህ ነው ያሉህ" ይለኛል፤ እሱ ግን ሩቅ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ደሴ ስለሄደች አልጠየቅኳትም። አንቺ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ለበሩ የቀረብሽው አንቺ ነበርሽ፤ ያሉትን እንዳሉት ንገሪኝ። ማንቆርቆሪያቸው ሰማያዊ ነበር ብዬ ነው የያዝኩት፤ እሱንም ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።