ቅቤ የሚቀባው የአጋዘን ቀንድ

ባሌ ከሟች አባቱ የወረሰው የአጋዘን ራስ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የቆቦ ፀሐይ ቆዳውን እንዳያሰነጥቀው ብሎ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ስለጋረደው፣ በጠራራ ቀን መብራት አብርቼ ነው ቤቴን የምጠርገው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉሩ በተኛበት በኩል፣ ቀስ እያለ ያራግፍለታል። እኔን እንዲያ አድርጎ ነክቶኝ አያውቅም። ጣውንት ቢያመጣብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ፀጉሯን እነጫት ነበር።

ባለፈው የጎብዬ ገበያ ለጋ ቅቤ ገዝቶ መጣ። ደስ ብሎኝ ሹሩባዬን ፈትቼ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ወንበር ላይ ወጥቶ ቀንዱን ይቀባ ጀመር! ድሮ አውሬ የገደለ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባ ስለነበር፣ የአባቱን ወግ መጠበቁ ነው።

«ቅቤው አይጥ ይጠራብናል» አልኩት።

«ድመት እናመጣለን» አለኝ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ከዋጃ ሊጠይቁን የመጡት የባሌ እናት ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ልጄ። ውርስህ ነው ብዬ ያሸከምኩት ከቤቴ እንዲወጣልኝ ነው።»