ከሆስፒታሉ በር ወዲያ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በሆስፒታሉ በር ማለፍ አቃተኝ። ከምኖርበት ከጨለለቂ ሰፈር ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚወስደው አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ነው፤ እኔ ግን ዞሬ በገበያው በኩል እሄድ ነበር። የበረኪናው ሽታ ከሩቅ ሲመጣብኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ነቀምቴ ያመጣን የሁለታችንም የመምህርነት ምደባ ነበር፤ ዘመዶቼ ሁሉ ጎጃም ናቸው፤ ልጅም አልወለድንም። ማታ ማታ ሬዲዮ እከፍትና ምን እንደሚያወራ እንኳ ሳልሰማ እቀመጣለሁ።

የምቀርባቸው አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ሃርሜ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። በሐዘኔ ሰሞን ግን ከአጠገቤ ያልጠፉት እሳቸው ነበሩ። ብዙ ሳያወሩ እንዲሁ አብረውኝ ይቀመጡ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሃርሜ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኙ። ልጃቸው ያለችው ጊምቢ ነው፤ ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ መኪና አይሄድም። በስልክ እያለቀሰች እናቷን አደራ አለችኝ፤ እሺ አልኳት። አጥሚት ሠርቼ በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ከበሩ ስደርስ ያ ሽታ መጣ፤ የባለቤቴ የመጨረሻ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ የተሰማኝ መሰለኝ። ፔርሙሱን ለአንዲት አስታማሚ ሰጥቼ፣ የሃርሜን ስም ነግሬያት ተመለስኩ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ፍርሃቱ እንዲለቀኝ እንዲጸልዩልኝ፣ ሲለቀኝም እንደምሄድ ነገርኳቸው።

«እኔም የታመመ ሰው ቤት ስጠራ እፈራለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ አንድም በሽተኛ ሳላቆርብ እቀር ነበር። አንቺ ሂጂ፤ እግዚአብሔር ከፊትሽ ይገባል።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በሩ ላይ አማተብኩ። ፍርሃቱ አልተወኝም። «ጌታዬ፣ ብቻዬን ነኝ፤ አትለየኝ» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ያንኑ እየደጋገምኩ ገባሁ። ባለቤቴ ተኝቶበት የነበረውን ክፍል ሳልፍ ዓይኔ ወደ ውስጥ ሄደ፤ እግሬ ግን አልቆመም።

ሃርሜ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይተው፣ «ጸልዪልኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በአማርኛ ጀመርኩ፤ እሳቸው በኦሮምኛ ቀጠሉ። ያሉት ሁሉ አልገባኝም፤ የባለቤቴን ስም ሲጠሩ ግን ሰማሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እዚያው አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ፍርሃቱም ትቶኝ ነበር።

እስኪሻላቸው በየቀኑ ተመላለስኩ። መንገዱ ሲከፈት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ቤታቸው እንደተቆለፈ ነው። አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። በስልክ ቋንቋ ያጥረናል፤ ደህንነታችንን ከተጠያየቅን በኋላ ዝም እንላለን፤ ቶሎ ግን አንዘጋም።

እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። ስለዚህ ወደ ሆስፒታሉ ጎራ ብዬ አስታማሚ የሌላቸውን እጠይቃለሁ። ባለፈው ከአንገር ጉቲን የመጡ አንዲት ሴት ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። እንዲሁ እንደመጣሁ ነግሬያቸው ሻይ ቀዳሁላቸው።