በልብስ ሰፊው ቤት የማትነሣ ቃል

በልብስ ሰፊው ቤት አንዲት ቃል አትነሣም። ማንም አልከለከላትም፤ በራሷ ጊዜ ከሁለት ሰው አፍ ወጥታ ቀረች። አውቶቡስ ቢያመልጣቸው «ሄደብን» ይላሉ እንጂ «አለፈን» አይሉም። ያለፈው ሳምንት «የዚያን ሳምንት» ሆኗል። አንድ ደንበኛ መጥቶ «ትናንት በዚህ ሳልፍ ዘግታችሁ ነበር» ያለ እንደሆነ፣ አባትና ልጅ እኩል ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ያልወደቀ መርፌ ይፈልጋሉ።

ልጅቷን ሰፈሩ «ዶክተር» ይላታል። ዶክተር አይደለችም፤ ልሁን ብላም አታውቅም። የፈለገችው ፋርማሲ መማር ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሳ ከመስታወቱ ጀርባ መቆም፣ ሐኪም በጥድፊያ የሞነጫጨረውን ወረቀት ማንበብ፣ ግራ ለገባት አንዲት እናት «ይህን ከምግብ በኋላ፣ ይህን ደግሞ ሲተኙ» ማለት። ሰፈር ግን ለእንዲህ ያለ ልዩነት ጊዜ የለውም። ስሙን ያወጣላት ከአባቷ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እጁ ቢያርፍ አፉ የማያርፍ ሰው።

«ዶክተር፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው፤ ምን ልዋጥ?» ይላት ነበር በጠዋት በሩ ላይ ቆሞ።

«ምላስህን፣ ጋሼ።»

ያኔ መልስ አታጣም ነበር።

ስለ መግቢያ ፈተናው አንድ ነገር ይባል። አዳራሽ ሙሉ ልጅ ያስገባሉ፤ አንድ ክፍል የማይሞላ ልጅ ይቀበላሉ። የተረፈውን «ሰነፍ» ይሉታል። ወንበር ሲያንስ ወንበር መጨመር ትቶ ልጅ መውቀስ ምን የሚሉት ብልሃት ነው? ዘመድ ወዳጁስ ቢሆን? «ዘንድሮም ሞክሪ፣ ከርሞም ሞክሪ» ማለት አፍ አያቆስልም። መካሪው መክሮ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ተመካሪዋ ናት ጣራ ጣራ የምታየው። ልጅቷ መጀመሪያ ስትፈተን ፊዚክስ ጣላት። ሁለተኛ ስትፈተን የጣላት ፊዚክስ አይደለም።

እናቷ ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እናት መልሱን በመዳፏ ሸፍና ትጠይቃታለች። ስትሳሳት «ተሳሳትሽ» አትላትም። መዳፏን ሳታነሣ ዝም ብላ ታያታለች፤ ደግመሽ አስቢ ማለቷ ነው። ያ መዳፍ ከጀርባው በመርፌ ብዛት ጠቁሮ ነበር። ልጅቷ ጥያቄውን ትታ እጁን ማየት ስታበዛ፣ እናት ነቃችባት።

«ሂጂ ቤትሽ አጥኚ። እዚህ ጠረኑም አያስጠናሽ» አለቻት። «አክስትሽ አለችልኝ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

ሄደች። ተፈተነች። ውጤት ወጣ የተባለ ቀን እንደ ማንኛውም ልጅ ተጋፍታ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ቁጥሯን ፈለገች። የለም። ከታች ወደ ላይ ፈለገችው፤ ያም ሆኖ የለም።

በዚያው ረፋድ ሆስፒታል ያደረችው አክስት ስልክ ደወለች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ስልክ አይሰማም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትደውለው ለጎረቤቱ ለፀጉር አስተካካዩ ነበር። እሱ በአንድ እጁ የደንበኛ ማጅራት፣ በሌላው ቶንዶሱን እንደያዘ፣ ስልኩን በትከሻውና በጉንጩ መሐል ወትፎ አነሣ። አክስት እያለቀሰች «አለፈች፤ ቀስ ብለህ ንገረው» አለችው። ቶንዶሱ ፀጉር እየቆረጠ ይጮኻል። ለቅሶውንና «ቀስ ብለህ» የምትለዋን ቶንዶሱ በላቸው። ሰውየው ጆሮ የደረሰው «አለፈች፤ ንገረው» ብቻ ነው።

ውጤት የሚወጣበት ቀን መሆኑን በመንገዱ ላይ ያላወቀ የለም። ታዲያ ሌላ ምን ይጠርጥር? ደንበኛውን ግማሽ ራሱን እንደተላጨ ትቶ ሮጦ ወጣ።

«አለፈች! ወዳጄ፣ ልጅህ አለፈች!»

ልብስ ሰፊው ጥርሱን ለሰው የሚያሳይ ሰው አይደለም። ያን ቀን ሳቀ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገድ መሐል ወጥቶ፣ ያን ወፍራም ጎረቤቱን አቅፎ አሽከረከረው። ሴቶቹ እልል አሉ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ሳይቀር ፎጣውን እንዳደረገ ወጥቶ አጨበጨበ።

ልጅቷ ደግሞ ለአባቷ የምትለውን በልቧ እየሸመደደች ስትመጣ መንገዱ ሁሉ ተንጋግቶ ተቀበላት። «እንኳን ደስ ያለሽ! የኛ ዶክተር!» አቀፏት፣ ሳሟት፣ ፀጉሯን በተኑት። እንግዲህ ፍረዱ፤ ቁጥሯ እንደሌለ በዓይኗ አይታ ነው የመጣችው። ግን ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያብድ፣ «ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ይሆናል፤ እኔ ነኝ የሳትኩት» ብላ አመነች። አመነችና ሳቀች። ከአባቷ ጋር ተቃቅፈው ሳቁ። አክስት መልሳ ደውላ «ነገርከው ወይ? አስከሬኗን መቼ ነው የምትወስዱት?» እስክትል ድረስ ሳቁ።

ቃሏ ከዚያ ቤት የወጣችው ያን ቀን ነው።

አሁን ምዝገባው እንደገና ተከፍቷል። አባት በግልጽ አይጠይቅም። የሚያደርገው ጋዋን መተኮስ ነው። ጋዋኑን የሰፋላት መጀመሪያ ልትፈተን ስትል ነበር፤ በጎንና በጎኑ ውስጥ ለውስጥ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ትቶለታል፣ «ሥራ ይዘሽ ስትወፍሪ ይለቀቅልሻል» ብሎ። አንድ ቀን አልለበሰችውም። ደንበኛ ሲጠፋ ከመስቀያው ያወርደዋል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ይተኩሰዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ከመተኮስ ብዛት ኮሌታው መብለጭለጭ ጀምሯል። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራች የካውያውን እስትንፋስ ትሰማለች። ከቃል ይልቅ ካውያው ይነዘንዛታል።

ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ ቶንዶሱን ሳያጠፋ ስልክ አያነሣም። ቀልዱም ቢሆን እንደ ድሮው አይወረወርም፤ አስቀድሞ ፊቷን ያያል።

«ዶክተር» አላት አንድ ጠዋት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አባትሽ ያን ጋዋን ሊያነደው ነው። ወይ ተመዝገቢ፣ ወይ ካውያውን ደብቂበት።»

ሳቋ አልመጣም። መታወቂያዋን ይዛ ግን ወጣች።

ሰልፉ ከሕንጻው ወጥቶ አጥሩ ጋ ደርሷል። ከፊቷ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ አንዲት ሴት ቆመዋል፤ ልጁን ፀሐይ እንዳይመታው ጥላቸውን ለሱ አስይዘው እሳቸው በፀሐይ ይቃጠላሉ። ዞር አሉና አዩዋት።

«ስንተኛሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ሦስተኛዬ።»

«የኔም ጉድ ሦስተኛው ነው» አሉ፣ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው። ልጁ አፈረ። «አይዞሽ፣ ፊትሽን አታጥቁሪ። እናትሽ አለች አይደል? እሷ ትጸልይልሽ እንጂ፣ አንቺም ታልፊያለሽ።»

ሴትየዋ ክፉ አልወጣቸውም፤ መረቋት። «አንቺም» የምትለዋ ግን ጆሮዋ ውስጥ ተቀምጣ አልወጣ አለች። አንቺም። ልጅቷ እዚያው ቆማ የሚመጣውን ሁሉ አየችው። አጥንታ፣ ተፈትና፣ ቁጥሯን ከወረቀቱ ላይ አግኝታ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ያው መንገድ፣ ያው እልልታ፣ ያው ሰውዬ ሮጦ ወጥቶ ያችኑ ቃል ሲጮኽ። አባቷ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ይሳቅ ይልቀስ ሳያውቅ።

ተራዋ ሊደርስ ሲል ከሰልፉ ወጣች።

«ልጄ፣ መስኮቱ ጋ ደረስሽ እኮ!» አሉ ሴትየዋ።

«እናንተ ግቡ እማማ» አለቻቸው። ስትመለስ ሁልጊዜ ቆማ መስታወቱን በምታይበት መድኃኒት ቤት በኩል መሄድ ፈራች፤ ዞሮ በሚሄደው መንገድ ገባች።

«ተመዘገብሽ?» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ።

«አልተመዘገብኩም።»

«ሰልፉ በዝቶ ነው? ነገ በጠዋት...»

«ነገም አልሄድም አባዬ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። በግድግዳው በኩል ሲሰማ የነበረው የቶንዶስ ድምፅም ቆመ፤ ጎረቤት ጆሮውን ደቅኗል ማለት ነው።

«እናትሽ ትፈልግ ነበር» አለ።

«እማዬ ብዙ ነገር ትፈልግ ነበር። መዳንም ትፈልግ ነበር።»

ሰውየው ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ ወደ አፉ ወስዶ ሳይበጥሰው ያዘው። ከዚያ ያለ ልማዱ ድምፁ ጨመረ።

«እኔ ስቄያለሁ እኮ! ገብቶሻል? ሚስቴ ሞታ፣ እኔ መንገድ መሐል ሰው አቅፌ ዘልያለሁ። አንቺ ብታ...» ቃሏ ጉሮሮው ላይ ቆመች። «ብታመጪው፣ ያ ሳቅ ያንቺ ነበር እላለሁ። ቀድሞ መጣ እንጂ ያንቺ ነበር እላለሁ። እንዲህ ከቀረ ግን የማን ነው? የት ልክተተው?»

ይኸው፤ ጋዋን ሲያስተኩሰው የከረመው ይህ ነው። ክፉ አባት አይደለም። ግን አንዲት ልጅ ስንት ሰው ተሸክማ ነው አዳራሽ የምትገባው? የአባቷን ሳቅ፣ የእናቷን መዳፍ፣ የሰፈሩን እልልታ አዝላ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ግፊት መልስ ትስጥ? ይህን ፈተና ብሎ የሚጠራ ካለ፣ ቅጣት የሚለውን ቃል ለምን አስቀምጦታል?

«እኔም ስቄያለሁ» አለች። «አንተ እንኳ አታውቅም ነበር። እኔ ግን ቁጥሬ እንደሌለ አይቼ ነው የመጣሁት።»

አባቷ ቀና አለ። ይህን ነግራው አታውቅም። እስካሁን ውጤቱን የሰማችው ከለቅሶው በኋላ ይመስለው ነበር።

«አይተሽ ነበር?»

«ከላይም ከታችም ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምን አሳቀሽ?»

«ደስ ብሏችሁ ነበራ።»

 ልብስ ሰፊው ክሩን በጠሰ፣ ሌላ ክር ሊያስገባ ሲል የመርፌው ዓይን እየሸሸበት ደጋግሞ ሳተ። እሷ ከእጁ ወስዳ አስገባችለት።

«ፋርማሲውን ትወጂው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁንም እወደዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። «እወደዋለሁ አባዬ። ግን ቢሳካልኝም ያችኑ ቃል ነው የምትጮኹልኝ። ሌላ ቃል የላችሁም።»

ምዝገባው ተዘጋ። «ልቧ ደካማ ነው» ያለ አለ፤ «አባቷ ነው ያሞላቀቃት» ያለ አለ። ይበሉ። ፈተናው እንደሆነ ምንም አልጎደለበትም፤ ሰልፉ ሞልቶለታል። የጎደለው ከመስታወቱ ጀርባ ነው፤ እዚያ ቆማ «ይህን ከምግብ በኋላ» ልትል የነበረች አንዲት ልጅ። እሷን ግን የሚቆጥር ማንም የለም።

ከሰነበተ በኋላ ልብስ ሰፊው ጋዋኑን ከመስቀያው አወረደና በግድግዳው በኩል ተጣራ። «ና፣ ይህን ልካው።»

ፀጉር አስተካካዩ መጣና ሲያየው ወደ ኋላ አለ። «ኧረ ተው ወዳጄ! የሷን?»

«ያንተ የሥራ ጋዋን አልቋል፤ ይሄ ተሰቅሎ ከሚያልቅ ሰው ይልበሰው። እሷ ናት ያለችው።»

ሰውየው ለበሰው። እጅጌው ልክ መጣ፤ ሆዱ ላይ ግን አልዘጋ አለ። ልጅቷ ተንበረከከች። እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ አባቷ ለመወፈሪያዋ የተወላትን ትርፍ ጨርቅ ከጎኑ መፍታት ጀመረች። ከስፌቱ ውስጥ የወጣው ጨርቅ ካውያ ያልነካው፣ ገና ከጣቃው የተቀደደ ይመስል አዲስ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ዝምታ አይሆንለትም።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ፣ ጣራውን እያየ፤ «መርፌው መች ቀረብሽ? ብቻ አደራ፣ ቀስ ብለሽ ውጊኝ።»

ከስፌት መኪናው በኩል አጭር ሳቅ ተሰማ። ወዲያው ተቋረጠ፤ አባቷ አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር። ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። «ሳቅ፣ ግዴለም» ልትለው ፈለገች፤ ግን አፏ እስፒል ነበረበት። ጎንበስ ብላ መፍታቷን ቀጠለች።