እኔ ሳልኖር የሚረጥበው ጓሮ

በፈረንጆቹ 2016 መስከረም ላይ ሆቴሉን ለልጄ ለሊና አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ለሹፌርና ለነጋዴ ፍርፍር ሳቀርብ የኖርኩ ሰው ሁለት ነገር ያዝኩ፤ ጓሮና ዙረት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና አራት የሎሚ ችግኝ ተከልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በማለዳ ፒኪፒኪ፣ ሞተር ብስክሌቱን፣ ተከራይቼ፣ ከነጂው ጀርባ ተለጥፌ፣ አንዴ ቡቲዬ አንዴ ጎዶማ እሄዳለሁ። ሊና "አባዬ፣ በስተርጅና ዘዋሪ ሆንክ" ትለኛለች። ትበል።

ሆቴል የያዘ ሰው መጠርጠር ሥራው ነው። ስንቱ በልቶ በጓሮ በር ወጥቶብኛል! ታዲያ ጥር ላይ፣ ጠብ የሚል ዝናብ በሌለበት፣ አንድ ቅዳሜ ከጎዶማ ስመለስ የሎሚዎቹ ሥር ርሶ አገኘሁት። እኔ አላጠጣሁም። ሊናም አላጠጣችም። በሳምንቱም እንደዚያው። ነገሩ አልጣመኝም። እዚህ አገር ውሃ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ለሰው ሎሚ በከንቱ የሚያፈሰው ማን ነው?

ዓይኔ አጥር ተጋሪዬ ጃለቱ ላይ አረፈ። ቦረና ናት፤ የሟቹ ወዳጄ የቱፋ ሚስት፣ የልጁ የኦብሳ እናት። ይቺን ቦታ ከግቢው ቆርሶ የሰጠኝ ራሱ ቱፋ ነው፤ በስደት መጥቼ መግቢያ ያጣሁ ጊዜ። "እንካ፣ ኑርበት" አለኝ፣ በቃ። ወረቀት የለ፣ ምን የለ። ሲለኝ የሰማች አንድ ሰው ብትኖር ጃለቱ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ቦታ የሚመዘግቡ ሰዎች ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀምረዋል።

ሆቴሌ ውስጥ የቦረና ሽማግሌዎች ሻይ እየጠጡ ስለ ኤላ፣ ስለ ውሃ ጉድጓዳቸው፣ ሲጫወቱ ለዓመታት ሰምቻለሁ። ኤላውን የቆፈረና የጠረገ ባለመብት ነው ይላሉ። እኔም ያንን አምጥቼ ከጓሮዬ ጋር ገጠምኩት። አሃ፣ ይቺ ሴትዮ ውሃዋን የምታፈሰው ነገ "ያለማሁት እኔ ነኝ" ልትል ነው! ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን እንኳ አገላብጬ ማየት ጀመርኩ። "አባ ሊና፣ ዛሬስ አትወጣም?" ትለኛለች። ምን አገባት መውጣት አለመውጣቴ?

መጋቢት ላይ "ሶሎሎ ልሄድ ነው፣ እስከ ማታ አልመለስም" ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ አወራሁ። ቡቲዬ ስንደርስ ነጂውን አዙር አልኩት። በኋላ በር ድምፄን አጥፍቼ ገባሁ። ጃለቱ ሎሚዬ ሥር ቁጢጥ ብላ በጣሳ ታንቆረቁራለች፤ ቢጫ ጀሪካኗ አጠገቧ ነው። ደሜ ፈላ። እንደ ሰው ጠርቼ ብጠይቃት ምን ነበረበት? አልጠየቅኋትም። የቀበሌው ሹም፣ ቺፍ የምንለው፣ ቢሮ ሄጄ "ውሃ እያጠጣች ቦታዬን ልትነጥቀኝ ነው" ብዬ አመለከትኩ፤ ፈረምኩም።

ቺፉ ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። "ሻሂዲስ?" አለኝ በስዋሂሊ። ምስክር ማለቱ ነው።

ቱፋ ሲሰጠኝ የሰማ ማን ነበር ብዬ በጣቴ ልቆጥር ጀመርኩ። ያለችኝ ምስክር የከሰስኳት ሴትዮ ናት። በገዛ ፊርማዬ ቤቴን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

ማክሰኞ ሁለታችንም ተጠራን። ሽማግሌዎች ነበሩ፣ መዝጋቢዎቹም ነበሩ። ጃለቱ "የኔ ነው" ካለች የሃያ አምስት ዓመት ኑሮዬ አለቀለት።

"ቦታው የማን ነው?" አላት ቺፉ።

"የአባ ሊና ነው። ቱፋ ሲሰጠው ሰምቻለሁ። ባሌ ሞተ ብዬ ቃሉን አልበላም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታጠጪው? ያጠጣ ባለመብት ይሆናል ይላል ክሱ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "እሱ የኤላ ደንብ ነው" አለች። "ይሄ ተክል ነው። ቅዳሜ ሳያጠጣ ይሄዳል፤ ፀሐዩ ያቃጥለዋል። የጎረቤት ጥጃ ባለቤቱ በሌለበት ሲጠማ እናጠጣዋለን። አጠጣሁልህ ብሎ ማውራት ደግሞ እኛ ጋ ነውር ነው።"

ቺፉ ቦታው በስሜ እንዲመዘገብ ጻፈ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ደስታው የት እንደገባ አላውቅም። በሩ ላይ ደርሼባት "የኦብሳ እናት፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ሻሿን አስተካከለች። "ይቅር ብያለሁ። ካሁን ወዲያ ግን ተክልህን ራስህ አጠጣ።"

አሁን ነሐሴ ነው። ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጃለቱ ሰላም ትለኛለች፤ ትወጣለህ ወይ ብላ ግን አትጠይቀኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከጎዶማ ተመልሼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ጓሮ ገባሁና የሎሚዎቹን ሥር በእጄ ዳሰስኩ። ደረቅ ነው።