ጋሼ የኮሪያ ንጉሥ የሆኑ ዕለት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ባሕር ማዶ፣ ሰንሻይን ዌስት የሚባል ሰፈር ውስጥ መጋረጃ በሚሰፋበት ፋብሪካ እሠራ ነበር። አጠገቤ ያለው የስፌት መኪና ላይ አንዲት ኮሪያዊት ትሠራለች። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም፤ ግን ስንሳሳቅ ነው የምንውለው።

አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ፊቷን አጥቁራ መጣች። በዚያ ሰሞን መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሴኡል የመጣ የቤተ መንግሥት ቅርስ ኤግዚቢሽን ነበር። ቅዳሜ የእነሱ ማኅበር እዚያው የንጉሥ ሰልፍ ሊያሳይ ሲዘጋጅ፣ ንጉሥ የሚሆኑት ሰውዬ እግራቸው ወለም ብሏቸው ተኝተዋል።

«ሽማግሌ ፈልጊልኝ» አለችኝ። «ረጅም፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ።»

«ኮሪያዊ ባይሆንስ?»

«ቀጥ ብሎ ይሂድልኝ እንጂ!»

ወዲያው ጋሼ ትዝ አሉኝ። ኬንሲንግተን በምንኖርበት የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል። ከሥራ ስመለስ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የኮሪያ ንጉሥ ይሆናሉ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ምን ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?»

ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ ኮሪያን የማውቃት በጭቃዋና በብርዷ ነው። ቤተ መንግሥትም ነበራት?»

ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው ከእኔ ቀድመው ባቡር ጣቢያ ደረሱ። አዳራሹ ውስጥ ከመስታወት ኋላ የወርቅ ማኅተም፣ የብር ዕቃ፣ የሐር ጫማ ተደርድሯል። ጋሼ ከዙፋን ጀርባ የሚቆም አንድ ትልቅ መጋረጃ ፊት ደርሰው ቀጥ አሉ። ፀሐይና ጨረቃ አንድ ላይ ወጥተው፣ ከሥራቸው አምስት ሹል ተራሮች ተሥለውበታል።

«ይኼን ተራራ ወጥቼዋለሁ!»

ስተረጉምላት ኮሪያዊቷ ጓደኛዬ «ተራራው እውነተኛ አይደለም፣ ሠዓሊው ያሰበው ነው» ብላ አስተረጎመችኝ።

«ጉልበቴ ግን ያስታውሰዋል» አሉ።

ከዚያ ወደ መልበሻ ክፍል ወሰዱን። ቀዩን ካባ አለበሷቸው፤ ደረቱ ላይ የወርቅ ዘንዶ ተጠልፎበታል። ቀበቶው ወገባቸውን ሳይነካ ዙሪያቸውን ይንሳፈፋል። ራሳቸው ላይ ጥቁር ቆብ ደፉላቸው። ጋሼ መስታወት ፊት ቆሙ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው ለካ!

«ዕድሜዬን በሙሉ ንጉሥ ስጠብቅ ኖሬ ዛሬ ራሴ ነገሥኩ!»

እኔም አልተረፍኩም። አንዲት ደንገጡር ጎድላ ስለነበር ሐር አልብሰው ትልቅ ዊግ ጫኑብኝ። አናቴ ላይ ሌላ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ።

ከበሮው ተመታ፤ ወጣን። ጋሼ በወታደር እርምጃ ግራ ቀኝ እያሉ ሲያልፉ ሕዝቡ አጨበጨበ። መካከል ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ማይክ ይዛ፣ ንጉሡ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውንና ለኮሪያ መዋጋታቸውን በኮሪያኛ ተናገረች። ከፊት ወንበር አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ተነሡና ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ።

ጋሼ ደነገጡ። ዝቅ ሊሉ ሲሉ ጓደኛዬ «ንጉሥ አይሰግድም!» ብላ አንሾካሾከችና እኔም ተረጎምኩላቸው።

«ሽማግሌ መሬት ላይ ተደፍቶ እኔ ልገተር?» ብለው እጥፍ አሉ። ቆቡ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ላነሣ ጎንበስ ስል ዊጌ ተከተለው። መጀመሪያ የሣቁት ያው የሰገዱት ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ከበሮ መቺው እንኳ ዱላውን ጥሎ ሆዱን ያዘ።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ጋሼን ቤታቸው ጋበዙ። አድርሻቸው ሄድኩና ከሦስት ሰዓት በኋላ ልወስዳቸው ተመለስኩ። አንድም የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው ተፋዝዘው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጩኸታቸው ግን ከደጅ ይሰማል! የካላንደር ጀርባ ላይ የጦር ሜዳውን ካርታ ሥለው፣ አንድ ወንዝ ከኮረብታው በግራ ነው በቀኝ እያሉ ይከራከራሉ፤ ጋሼ በአማርኛ፣ ሽማግሌው በኮሪያኛ።

«አንቺ ፍረጂ!» አሉኝ ጋሼ። ሽማግሌውም እርሳሱን ዘረጉልኝ።

ምኑንም ሳላውቅ «በቀኝ ነው» አልኩ። ሽማግሌው ተነሥተው ጨፈሩ። ጋሼ እስከ ኬንሲንግተን ድረስ አኮረፉኝ።