ጣሪያውን ሳታይ ራዲዮ የማትሸጠው ኩስቶዲያ

በእኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር በላዤዶ የመነጋገሪያ ራዲዮ ለመግዛት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መሰላል መለመን ነበረበት። የኩስቶዲያ ሱቅና የእኔ የጀልባ ሞተር መጠገኛ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፤ መሰላሉም የእኔ ነው። ስለዚህ ማን ሊገዛ እንደመጣ ከማንም ቀድሜ አውቃለሁ። ገዢው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ቤትህ የት ነው? ከማን ጋር ልታወራ ነው? በመሀላችሁ ምን አለ?» ትለዋለች። ይህን ሳይመልስ ከሱቋ አንዲት ሽቦ አትወጣም። ቢመልስም አታምነውም፤ ጣሪያው ላይ ወጥታ በዓይኗ ታያለች።

አንድ ቀን የቡና ቤቱ ባለቤት ዠርቫዚዮ ከስፔን የገዛቸውን ሁለት የእጅ ራዲዮዎች ይዞ መጣ። ማሸጊያቸው ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፏል።

«እትዬ ኩስቶዲያ፣ ከቡና ቤቴ እስከ ዓሣ ገበያው እንኳ አልሰማ አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ሠላሳ ኪሎ ሜትሩ የት ገባ?»

«እሱን የለኩት ሁለት ሰዎች ሁለት ተራራ ጫፍ ላይ ቆመው ነው። አንተም ቡና ቤትህን ተራራ ላይ አውጣና ሞክረው።» ራዲዮውን ተቀብላ አገላበጠችው። «ለቡና ቤትህና ለመጋዘንህ ይበቃሃል። ብቻ ሆድህ ላይ አታንጠልጥለው፤ ከፊትህ ቀጥ አድርገህ ያዘው። ያ ሆድ ብዙ ድምፅ ይበላል።»

ኩስቶዲያ የባሕር ሰው አይደለችም። ብራጋ በሚገኘው የራዲዮ ፋብሪካ ገና በልጃገረድነቷ ገብታ ሽቦ በስታኞ ስትበይድ ኖራ፣ የመንደራችንን መረብ ጠጋኝ አግብታ ነው ወደ እኛ የመጣችው። እዚህ ስትደርስ በየዓሣ አጥማጁ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከዳቦው ሣጥን አጠገብ፣ አንድ ራዲዮ ነበር። ሴቶቹ የጎመን ሾርባው እስኪበስል ድረስ ባሎቻቸውን ባሕር ላይ ይሰማሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ባል ይሰማሉ። ያንዱ ጀልባ ሰርዲን ካገኘ ጀልባው ወደብ ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ በግምት የተገዛ፣ ገመዱ በጨው የተበላ ነበር። አንድ በአንድ እየፈታች ያስተካከለችው እሷ ናት።

ከሥራዋ ሁሉ እኔ አብልጬ የማስታውሰው የፌሊዝሚናን ነው።

ፌሊዝሚና የ«ሳንታ ሪታ» ጀልባ ባለቤት የአቢሊዮ ሚስት ናት። ባለፈው ክረምት ማዕበሉ የወደቡን አፍ ዘግቶ ጀልባዎቹ ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆመው ዋሉ። ያን ቀን በየሰው ወጥ ቤት እየዞረች የሌላውን ባል ድምፅ ሁሉ ሰማች፤ የእሷን ብቻ አልሰማችም። አቢሊዮ ሲመለስ ደረቁን ልብስ እያቀበለችው ቁርጡን ነገረችው፦ እስከ መጪው ኅዳር፣ እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ድምፅህ ወጥ ቤቴ ካልደረሰ ፈረንሳይ ወንድሜ ጋ እንሄዳለን፤ ሲሚንቶ ታቦካለህ። አቢሊዮ ከመረብና ከመሪ ሌላ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ቀልድ መስሎት ቀና ብሎ አያት፤ አልሳቀችም።

ያ ወንድሟ በነሐሴ ለዕረፍት ሲመጣ የራዲዮን ጉልበት የሚያበዛ ማጉያ አመጣላት፤ የጫማ ሣጥን የሚያህል፣ ሲሠራ እንደ ምድጃ የሚግል። ፌሊዝሚና ከራዲዮዋ ጋር ገጥማው ባሏን መጣራት ጀመረች። አቢሊዮ በርግጥ ሰማት። ችግሩ ሌላውም መስማቱ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ የብራዚሉን ተከታታይ ድራማ ሲያይ ተዋናይዋ አፏን ስትከፍት የሚወጣው የፌሊዝሚና ድምፅ ሆነ። ይባስ ብሎ በአጥማጆቹ የጸሎት ሳምንት፣ ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ አድርገው ሕዝቡ ተንበርክኮ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ «አቢሊዮ! ወፍራሙን የውስጥ ሱሪ ለብሰሃል? ኋላ ኩላሊቴን እንዳትለኝ!» የሚል ወጣ።

ፊት ለፊት ተንበርክከው የነበሩት የአቢሊዮ እናት፣ እማማ ፐርፔቱዋ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራታቸውን አላናገሩም።

ፌሊዝሚና ወደ ኩስቶዲያ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ እሱ ይሰማኛል፤ እኔ አልሰማውም። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ማጉያ አለሽ?»

«ማጉያ አፍሽን ያሰፋል እንጂ ጆሮሽን አይከፍትም» አለቻት ኩስቶዲያ። «ይልቅ አምጪውና እኔ ጋ ይቀመጥ። መጀመሪያ ጀልባውን ልየው።»

«ሳንታ ሪታ» ለቀለም ከውሃ ወጥታ ስለነበር እኔና ኩስቶዲያ አብረን ሄድን። ኩስቶዲያ ቀና ብላ አንቴናውን እንዳየች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አቢሊዮ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?»

«የአክስቴ ልጅ ከጭነት መኪናው ፈትቶ ሰጠኝ። ምርጥ ነው፤ በእሱ ከፖርቶ እስከ ሊዝበን ሲያወራ ነበር።»

«ያኔ ከሥሩ የመኪና ብረት ነበረዋ! የዚህ አንቴና ግማሽ አካሉ የቆመበት ብረት ነው። አንተ እንጨት ላይ ተክለህ በአንድ እግሩ አስቀረኸው።»

«ታዲያ ጀልባዬን በብረት ላልብስልሽ?»

«ባሕሩ አለልህ አይደል እንዴ?»

ያሰራችን እንዲህ ነው። የትሪ ስፋት ያለው የመዳብ ሉህ ከውሃው መስመር በታች የጀልባዋ ሆድ ላይ ለጠፍን፤ የመኪናውን ብረት ቦታ ባሕሩ እንዲይዝ። መዳብና ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ስለማይዋደዱ ከብረት ምስማሮቹ አርቄ በነሐስ ብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከሉሁ እስከ አንቴናው ሥር ሰፊ የመዳብ ጥብጣብ ዘረጋች። አንቴናውንም ከመረብ መጎተቻው ብረት አጠገብ ነቅላ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሰቀለችው። ጀልባዋ ውሃ ስትነካ መለኪያዋን ሰካች። መለኪያው ወደ አንቴናው ከተላከው ጉልበት ምን ያህሉ ሳይወጣ እንደተመለሰ ያሳያል። ቀድሞ ከተላከው ግማሽ ያህሉ እንደተመለሰ ያሳይ የነበረው መርፌ አሁን ከሥሩ ብዙም አልተነሳም። አቢሊዮ መርፌውን ጎንበስ ብሎ አየና «ሞተ እንዴ?» አለ።

«የዳነው አሁን ነው» አለችው።

ቀጥሎ የፌሊዝሚና ጣሪያ። ቤቷ የዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ጀርባ፣ ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ኩስቶዲያ ጣሪያው ላይ ሆና ወደ ባሕሩ ስትመለከት ያየችው የፋብሪካውን ቆርቆሮ ብቻ ነው። ወረደች።

«እዚህ ላይ ምንም አንቴና አልሸጥልሽም።»

«ረጅም ምሰሶ እናቁምበታ!»

«ከዚያ ቆርቆሮ በላይ የሚወጣ ምሰሶ ብናቆም የመጀመሪያው የክረምት ነፋስ ወስዶ ጎረቤትሽ አልጋ ላይ ያስተኛዋል።»

ይህን ብላ ኮረብታውን ቀና ብላ አየች። ጸሎት ቤቱ አጠገብ፣ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያይ አንድ ነጭ ቤት አለ። ፌሊዝሚና ዓይኗን ተከትላ አየችና ፊቷ ተቀያየረ።

«የአማቴ ቤት? ብሞት አላደርገውም! እሺ፣ አንቴናው እዚያ ይሁን፤ ገመድ ዘርጊልኝና ራዲዮው እዚሁ ይሁን።»

«ይህን ሁሉ መንገድ? ቀጭኑ ገመድ ድምፁን ከግማሽ በላይ ይበላዋል። ወፍራሙን ልዘርጋ ብል የስንት ሰው ጣሪያ ልረግጥ ነው? ድራማቸውን ያበላሸሽባቸው ሰዎች ናቸው የሚያሳልፉን? ራዲዮው አንቴናው ሥር ይቀመጣል። አንቺም ራዲዮው ሥር።»

እኔ ብሆን ማጉያውን ሸጬላት እገላገል ነበር። ኩስቶዲያ ግን መሰላሉን አሸክማኝ ኮረብታውን ወጣች።

እማማ ፐርፔቱዋ በር ላይ ተቀምጠው ድንች እየላጡ ነበር። «መሰላሉን ከግድግዳዬ ላይ አንሳው» አሉኝ፣ ገና ሳላስደግፈው።

«እማማ፣ ጣሪያዎትን ልይ ብዬ ነው» አለች ኩስቶዲያ።

«ለዚያች? ያገር ሰው በተሰበሰበበት፣ ጌታ ፊት፣ የልጄን የውስጥ ሱሪ ላወጣችው?»

«ጥፋቱ የማጉያው ነው። አሁን እኔ ሱቅ ጠረጴዛ ሥር ነው ያለው፤ ከዚያ አይወጣም። እኔ የማስገባው ራዲዮ ከዚህ ቤት ወደ ባሕር እንጂ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።»

«እንቢ ብልስ?»

«ያው፣ አቢሊዮ ፈረንሳይ ሄዶ ሲሚንቶ ያቦካል። እርስዎም በነሐሴ በነሐሴ ያዩታል።»

ቢላው ድንቹ ላይ ቆመ። እማማ ወደ ባሕሩ አዩ፣ ወደ መሰላሉ አዩ።

«የጣሪያዬን ሸክላ የሰበረ ወዮለት» አሉና ድንቹን መላጥ ቀጠሉ።

ኩስቶዲያ ከመደርደሪያዋ ትንሹን ራዲዮ መረጠች። አንቴናውን ግን ረጅሙን፣ ከሥሩ ብረት የማይፈልገውን አመጣች። በሦስት ገመድ ወጥራ አቆመችው። መገጣጠሚያውን በቅባት አሽታ በጎማ ፕላስተር ደጋግማ ጠቀለለች፤ እኛ ጋ ጨው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወጥ ቤት እንዳይገባ ከመስኮቱ በታች ወደ ታች አጉብጣ መለሰችው። እዚህ አገር ስንት ባለሙያ አይቻለሁ፤ ትልቁን ዕቃ አልሸጥም ብሎ ከገዢ ጋር የሚከራከር ግን ከእሷ በቀር አላየሁም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራታችን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበርን። ፌሊዝሚና ኩስቶዲያ ጎትታ አምጥታት በር አጠገብ ቆማለች፣ አማቷ ምድጃው ጋ፤ አይተያዩም። ኩስቶዲያ ሹሹታው እስኪጠፋ ቁልፉን አዞረች። ከዚያ ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ፦

«ላዤዶ፣ ላዤዶ፣ ‹ሳንታ ሪታ› ነኝ። የሚሰማኝ አለ?»

ፌሊዝሚና ከበሩ ሳትነቃነቅ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ፐርፔቱዋ ከማንም ቀድመው ማይኩን አፈፍ አድርገው «ልጄ! ልጄ!» እያሉ ጮኹበት። ሲናገሩ የሚጫኑትን፣ ሲያዳምጡ የሚለቁትን ቁልፍ ግን አልተጫኑትም።

«የሚሰማኝ የለም?» አለ አቢሊዮ።

ያን ጊዜ ፌሊዝሚና መጥታ አውራ ጣቷን የአማቷ ጣት ላይ አድርጋ ተጫነችው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ!»

«እማዬ? እንዴ! ፌሊዝሚናስ?»

«እዚሁ ናት። እሷ ናት የምትጫንልኝ።»

ከሌሎቹ ጀልባዎች ሳቅ ተሰማ። አንዱ «ሱሪውን ጠይቁልን!» አለ። አቢሊዮ ግን አልሳቀም፤ ቻናሉ ላይ ሁሉም እንደሚሰማው እያወቀ «ፌሊዝሚና፣ የፈረንሳዩ ነገርስ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። ፌሊዝሚና ከአማቷ ጋር ቁልፉን እንደገና ተጫነች።

«ወንድሜ ሲሚንቶ የሚያቦካለት ሌላ ሰው ይፈልግ» አለች ፌሊዝሚና። «አንተ ዓሣህን ይዘህ ና።»

መልስ ጠበቀች። ምንም የለም። ደንግጣ ወደ ኩስቶዲያ ዞረች።

«ምነው ዝም አለ? ጠፋ እንዴ?»

«ሁለታችሁም ጣታችሁን አንሱለት እንጂ» አለች ኩስቶዲያ፣ መሣሪያዎቿን እየሰበሰበች፤ «ሰው ይመልስ።»